ጥይትና ቡሌቲን፦ የአንድ ቤት ልጆች

የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንድ ቃል ታሪክ ነው። ፊደል የቆጠራችሁት በቅርቡ ነው። ጥይትን ግን ከመካከላችን ከፊደል አስቀድሞ ያወቀው ብዙ ነው።

እንግሊዞች ጥይትን «ቡሌት» ይሉታል። ቃሉን ያገኙት ከፈረንሳዮች ነው። በፈረንሳይኛ «ቡል» ማለት ኳስ ነው፤ «ቡሌት» ደግሞ ትንሽ ኳስ። ጥይት ለምን ኳስ ተባለ? በ1500ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጥይት እንደ ዛሬው ሹል አልነበረም። ልጆች እንደሚጫወቱበት ብይ ድብልብል ነበር። የሚሠራውም ከእርሳስ ነበር። እርሳስ ከባድ ነው፤ ነገር ግን በ327 ዲግሪ ሙቀት ይቀልጣል። ብረት እንዲቀልጥ ግን ከ1,500 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ ወታደሩ እርሳሱን በምድጃ እሳት አቅልጦ፣ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ እያፈሰሰ፣ ጥይቱን ራሱ ይሠራ ነበር። በ1849 (እ.ኤ.አ.) ሚኒዬ የተባለ የፈረንሳይ መኮንን ሾጣጣ ጥይት አወጣ። ከዚያ ወዲህ ድብልብሉ ጥይት እየቀረ ሄደ፤ ስሙ ግን አልቀረም።

አሁን ወደ ኋላ እንመለስ። «ቡል» የመጣው «ቡላ» ከሚባል የላቲን ቃል ነው። የእኛን የእንሰት ቡላ እንዳትሉኝ! የላቲኑ ቡላ በውሃ ላይ ኳስ መስሎ የሚነሣው አረፋ ነው። ኋላ በደብዳቤ ላይ የሚንጠለጠለው ክብ ማኅተምም ቡላ ተባለ። የሮማው ፓፓ ማኅተም የሚሠራው ከእርሳስ ነበር። ከዚሁ ቃል ጣሊያኖች ለትንሽ ሰነድ ስም አወጡ። ዛሬ «ቡሌቲን» የምንለው የዜና ወረቀት ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው።

እስቲ አስቡት! እርሳስ ለጠመንጃ ሲውል ሰው ገደለ፤ ለደብዳቤ ሲውል የሰውን ቃል አጸና።

በእጃችሁ ያለው መጻፊያም «እርሳስ» ይባላል። ውስጡ ግን ግራፋይት የሚባል ጥቁር ማዕድን ነው። ድሮ አውሮፓውያን የእርሳስ ዓይነት መስሏቸው ነበር። እንግሊዝ አገር ቦሮዴል በሚባል ስፍራ የተገኘው ግራፋይት ለመጻፊያ ሆነ፤ የመድፍ ጥይት የሚፈስበትን ቅርጽ ውስጡን ለመቀባትም አገለገለ። ማዕድኑ ያው አንድ ነው። ሥራውን የለየው የሰው እጅ ነው።

የዛሬ የቤት ሥራችሁ ይኸውላችሁ። እርሳሳችሁን ቅረጹና «ጥይት» ብላችሁ ጻፉ። ከሥሩ ስለ ጥይት የምታውቁትን አንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሩ። ከዚያም ለቤተሰባችሁ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡላቸው። ደኅና ሁኑ!