ከመዝገብ ወደ መዝገብ፦ የተመረጡ ረድፎች ታሪክ

ከአንድ መዝገብ የሚፈለገውን ለይቶ ወደ ሌላ መገልበጥ ከኮምፒዩተር አስቀድሞ የነበረ የጽሕፈት ቤት ሥራ ነው። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በልደታም ሆነ በሌላው የአዲስ አበባ ክፍል የነዋሪው ጉዳይ ከቀበሌ መዝገብ ጋር ተሳሰረ። በ1995 ዓ.ም. ከተማዋ በ10 ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር ልደታ አንዷ ሆነች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ ለሚ ኩራ 11ኛው ሆነ። ወሰን በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚዛወረውን ከሚቀረው መለየት ግድ ይላል።

ለዚህ ሥራ ዘመናዊውን መሠረት የጣለው የአይ ቢ ኤም ተመራማሪ ኤድጋር ኮድ ሲሆን፣ መረጃን በሠንጠረዥ የማደራጀት ንድፈ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1970 አሳተመ። በ1974 ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ ሲክዌል የተባለውን የመጠየቂያ ቋንቋ አቀረቡ። ኋላ ኤስ ኪው ኤል የተባለው ይህ ቋንቋ በ1986 የአሜሪካ፣ በ1987 የዓለም አቀፍ ደረጃ ተሰጠው።

አሠራሩ አጭር ነው። «ኢንሰርት ኢንቱ» ተቀባዩን ሠንጠረዥ ይሰይማል፤ «ሰሌክት» ዓምዶቹን ይመርጣል፤ «ዌር» ረድፎቹን በመስፈርት ያጣራል። ምንጩ እንዳለ ይቀራል።

አደጋው ግን ከባዶ ሣጥን ይመነጫል። የአንድ ቀበሌ ነዋሪዎች ለሁለት ወረዳዎች ይከፈላሉ እንበል። የመጀመሪያው ትእዛዝ ቀጠናቸው 3 የሆነውን፣ ሁለተኛው 3 ያልሆነውን ይገለብጣል። ማንም የቀረ አይመስልም። ሆኖም ቀጠናው ያልተጻፈለት ረድፍ በቋንቋው ሕግ «ነል» ነው፤ ከ3 ጋር ሲነጻጸር እውነትም ሐሰትም ሳይሆን «የማይታወቅ» ይሆናል። ስለዚህ ከሁለቱም ይቀራል። አሮጌው ሠንጠረዥ ከተሰረዘ፣ ቤታቸው በቦታው የቆመ እናት በመዝገብ የሉም ይባላሉ።

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። ባዶዎቹን «ኢዝ ነል» በሚል መስፈርት ለብቻ ማውጣት፣ ድግግሞሽን በዋና ቁልፍ መከልከል፣ ሥራውን በአንድ ትራንዛክሽን ማከናወን፣ የሁለቱ አዳዲስ ሠንጠረዦችና የባዶዎቹ ድምር ከምንጩ ቁጥር ጋር ሲገጥም ብቻ «ኮሚት» ማለት ነው። ካልገጠመ «ሮልባክ» አለ።

ማሽኑ የታዘዘውን ብቻ ይፈጽማል፤ ስሙ ያልተገለበጠለትን ነዋሪ ማሰብ የባለሙያው ድርሻ ነው።