ፕላኑና የጨረቃ ቤቱ

ባሕር ዳር በ1950ዎቹ ዓ.ም. ገና ትንሽ ከተማ ሳለች፣ በጀርመናዊው ፕሮፌሰር ማክስ ጉተር የተመራ ቡድን ማስተር ፕላን ነደፈላት። ፕላኑስ ደግ ነበር፤ መሬቱ ግን የባለርስት ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ የከተማን ቦታ የመንግሥት አደረገ፤ ለመኖሪያ ቤት መሥሪያም እስከ 500 ካሬ ሜትር ፈቀደ። በ1986 ዓ.ም. ሊዝ መጣ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ደግሞ ያለ ፈቃድ መሥራትን ከለከለ።

ታዲያ ድሃው ምን ይሁን? ለቦታው ጨረታ፣ ለፈቃዱ ፕላን፣ ለፕላኑ መሐንዲስ፣ ለሁሉም ገንዘብ! ያጣ ሰው በሌሊት ቆርቆሮውን ተሸክሞ የጨረቃ ቤት ያቆማል፤ ሲነጋ አፍራሽ ይመጣበታል።

እኛ ፕላን ይቅር አንልም። የምንጠይቀው፣ ካርታው ሲነደፍ የቀን ሠራተኛው ማደሪያ የቱ ጋ ተሠመረ? ነው።