በአስገድዶ መድፈር የተከሰሰ ሰው መብቶችና የሕጉ ቅጣት

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈር ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንደሚያስቀጣ ይደነግጋል። ድርጊቱ የተፈጸመው በተከሳሹ ቁጥጥር ሥር ባለች ወይም የእርሱ ጥገኛ በሆነች ሴት ላይ ከሆነ ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ከፍ ይላል። ከባድ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ደግሞ የዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት ያስፈርዳል።

በሌላ በኩል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ለተከሳሹ ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ እንደ ንጹሕ የመቆጠር፣ በራሱ ላይ እንዲመሰክር ያለመገደድ፣ የቀረበበትን ማስረጃ የመመልከት፣ የመከላከያ ምስክሮቹን የማሰማትና ይግባኝ የማለት መብት ይሰጠዋል። ጠበቃ ለማቆም አቅም በማጣቱ ፍትሕ ሊጓደልበት የሚችል ተከሳሽም በመንግሥት ወጪ ጠበቃ ይቆምለታል።

የእነዚህ መብቶች መከበር ንጹሑን ከተሳሳተ ፍርድ፣ ተበዳይዋንም በሥነ ሥርዓት ጉድለት ከሚሻር ውሳኔ ይጠብቃል።