የተደራራቢ ምናሌ የቁልፍ ስሕተት

የተደራራቢ ምናሌ የቁልፍ ስሕተት የሚባለው፣ በኮምፒዩተር ላይ አንዱ ምናሌ በሌላው ውስጥ ተከቶ ሲሠራ፣ ማውዝ የማይጠቀም ሰው በቀስት ቁልፎች ከመዓርግ ወደ መዓርግ እንዳይተላለፍ፣ ወይም ከገባበት እንዳይወጣ የሚያግደው የፕሮግራም ጉድለት ነው።

እንደ ግዕዝ ከግራ ወደ ቀኝ ለሚጻፉ ቋንቋዎች ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ የላይና የታች ቀስቶች በአንድ መዓርግ ባሉት ምርጫዎች መካከል ያመላልሳሉ፣ የቀኙ ንዑሱን ምናሌ ይከፍታል፣ የግራው ይዘጋል፤ ኤስኬፕ የተባለውም ቁልፍ የውስጠኛውን ብቻ ዘግቶ ወደ ወላጁ ምርጫ ይመልሳል፤ ይኸውም ከመቅደስ የሚወጣ ካህን ቅድስትን ሳያልፍ ቅኔ ማኅሌት እንደማይደርስ ነው። ፕሮግራሙ ተጠቃሚው የመጣበትን መንገድ በረሳ ጊዜ ግን አንድ ንክኪ ምናሌውን ሁሉ ይዘጋል፣ ወይም ያው ንክኪ በልጁም በወላጁም ዘንድ ተሰምቶ ሁለት እርምጃ ያስኬዳል።

የተደራራቢ ምናሌን ጠባይ ቀድመው ከመረመሩት መካከል በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ሳውል ግሪንበርግና ኢያን ዊተን ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች በአውሮፓ አቆጣጠር በ1985 ባሳተሙት ጥናት የስልክ ማውጫን በምናሌ አደራጅተው፣ አዘውትረው የሚፈለጉት ስሞች ወደ ላይኛው መዓርግ እንዲወጡ ቢያደርጉ፣ ተፈታኞቹ ከማይለወጠው ምናሌ ይልቅ በሚለዋወጠው ፈጥነው፣ ስሕተትም ቀንሰው ተገኙ። ሚቼልና ሽናይደርማን የተባሉ ተመራማሪዎች ግን በ1989 ባቀረቡት ሙከራ የማይለወጠው በመጀመሪያው ፈተና ፈጣን ሆኖ ታይቷል። ቀስቱን ስንት ጊዜ እንደሚነካ በእጁ ለለመደ ዓይነ ስውር፣ የምርጫው ስፍራ በየጊዜው ከሚዛወርበት ይልቅ ረጅሙ ግን የጸናው መንገድ ይሻለዋል።

በአማርኛ ምናሌ ላይ ደግሞ ሌላ ዕንቅፋት ይጨመራል። በላቲን ቁልፎች ሲጻፍ «ሙ» ከሁለት ንክኪ የሚወለድ በመሆኑ፣ የመጀመሪያውን ንክኪ ብቻ ሰምቶ ወደ ምርጫ የሚዘል ፕሮግራም «ሙሉ ገጽ» የሚለውን ሳያገኘው ይቀራል፤ ይህን የሚያስተውሉ ሠሪዎች ጥቂቶች ናቸው።

በ2008 የጸደቀው ዓለም አቀፍ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ፣ ተግባር ሁሉ በቁልፍ ሰሌዳ እንዲፈጸምና ተጠቃሚው በአንድ ስፍራ ታስሮ እንዳይቀር ያዝዛል። የካናዳ ፌዴራላዊ የተደራሽነት ሕግም ከጁላይ 11 ቀን 2019 ጀምሮ የጸና ሲሆን፣ በፌዴራሉ መንግሥት ሥልጣን ሥር ያሉትን ባንኮችና የቴሌኮሙኒኬሽን ድርጅቶች ይመለከታል።