ክፍት ምንጭ የሞባይል ካርታ መተግበሪያዎች፦ ንጽጽርና ውድድር

ክፍት ምንጭ የሞባይል ካርታ መተግበሪያ የሚባለው የተሠራበት ኮድ ለማንኛውም ሰው ይፋ የሆነ፣ ሌላ ገንቢም በአጠቃቀም ፈቃዱ መሠረት ወስዶ ሊያሻሽለው የሚችል የስልክ ካርታ ነው። በዚህ ዘርፍ ስማቸው በብዛት ከሚነሡት መካከል ኦስምአንድ፣ ኦርጋኒክ ማፕስ እና ኮማፕስ ይገኛሉ። ሦስቱም ካርታው አስቀድሞ በስልኩ ላይ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት መንገድ ይመራሉ።

መተግበሪያዎቹ ተወዳዳሪዎች ቢሆኑም ካርታቸውን የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው። እርሱም እ.ኤ.አ. በ2004 በእንግሊዝ አገር የተጀመረውና በዋናነት በበጎ ፈቃደኞች የሚሞላው ኦፕንስትሪትማፕ የተሰኘው የመረጃ ቋት ነው። በመሆኑም አንድ ጤና ጣቢያ በቋቱ ካልተመዘገበ ተጠቃሚው መተግበሪያ በመቀያየር አያገኘውም። አንድ ሰው ሲመዘግበው ግን እያንዳንዱ መተግበሪያ ካርታውን ሲያድስ በሁሉም ዘንድ ይታያል። ውድድሩ እንግዲህ በአቀራረብ፣ በአጠቃቀም ቅለትና በአስተዳደር ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው ኦስምአንድ በአገልግሎት ብዛት ቀዳሚ ነው። የመሬት ከፍታ መስመሮችን ያሳያል፣ የተጓዙበትን መንገድ ይመዘግባል፣ የካርታውን መልክ እንደ ተጠቃሚው ፍላጎት ለመለወጥ ያስችላል። ለቅየሳና ለመስክ ሥራ የሚመረጠውም በዚህ ነው። ይሁን እንጂ የምርጫዎቹ ብዛት አዲስ ተጠቃሚን ያደናግራል፤ ከጉግል ፕሌይ በነፃ የሚወርደው እትምም የሚጫኑትን ካርታዎች ቁጥር ይገድባል። ኦርጋኒክ ማፕስና ኮማፕስ በአንጻሩ ፈጣንና ቀላል ናቸው። ማስታወቂያ የላቸውም፤ የሚተዳደሩትም በአብዛኛው በልገሳ ነው።

የእነዚህ የሁለቱ ታሪክ የክፍት ምንጭ ፈቃድ በተግባር ምን እንደሚያስገኝ ያሳያል። መነሻቸው ማፕስ ሚ የተባለው መተግበሪያ ሲሆን፣ የሩሲያው ሜይል ሩ ግሩፕ እ.ኤ.አ. በ2014 ገዝቶት በ2015 ኮዱን ለሕዝብ ለቀቀ። በ2020 መተግበሪያው ለሌላ ባለቤት ተሸጠ፤ ልማቱም ከክፍት ምንጭ መንገድ ወጣ። ነገር ግን አስቀድሞ የተለቀቀውን ኮድ መልሶ መሰብሰብ ስለማይቻል፣ ከመጀመሪያዎቹ መሥራቾች መካከል የነበሩ ባለሙያዎች ያንኑ ይዘው በ2021 ኦርጋኒክ ማፕስን አወጡ። በ2025 ደግሞ በውሳኔ አሰጣጥና በገንዘብ አያያዝ ግልጽነት ላይ ቅሬታ ያደረባቸው ተባባሪዎች ተለይተው ኮማፕስን መሠረቱ። እንዲህ ያለው መከፋፈል የባለሙያን ጉልበት ይበትናል፤ ተጠቃሚው ግን በአንድ ባለቤት ውሳኔ ካርታ አልባ ሆኖ አይቀርም።

በአገራችን ከተሞች አቅጣጫ የሚነገረው በአብዛኛው ከመንገድ ስምና ከቤት ቁጥር ይልቅ በታወቀ ቤተ ክርስቲያን፣ መስጊድ፣ አደባባይ ወይም ሕንፃ ነው። ስለዚህ መተግበሪያ የሚመርጥ ሰው ከሁሉ በፊት የሚኖርበትን ሰፈር ከፍቶ እነዚህ ምልክቶች መመዝገባቸውን ቢያይ ይበጃል። የቦታ ስም ሲፈለግም የፊደል ልዩነት እንቅፋት ሊሆን ይችላልና፣ «ሐረር» ተብሎ ያልተገኘውን «ሀረር» ብሎ፣ አለዚያም በላቲን ፊደል መሞከር ያስፈልጋል። ሦስቱም የወቅቱን የትራፊክ መጨናነቅ ስለማያሳዩ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት የሚገምቱት የጉዞ ጊዜ ከእውነታው ሊያንስ ይችላል።

የጎደለ ቦታ ያስተዋለ ተጠቃሚ በኦፕንስትሪትማፕ አካውንት ከፍቶ ከመተግበሪያው ሳይወጣ መመዝገብ ይችላል። የአማርኛ ስም ራሱን የቻለ መስክ ስላለው ከእንግሊዝኛው ጋር አደባልቆ መጻፍ አይገባም። የሚመዘገበውም በአካል የታየ ወይም በእርግጥ የሚታወቅ መሆን አለበት፤ ከጉግል ካርታም ሆነ የባለቤትነት መብቱ ከተጠበቀ ሌላ ካርታ መገልበጥ የተከለከለ ነው። መረጃው ለዓለም ሁሉ የሚታይ በመሆኑ የመኖሪያ ቤት ነዋሪዎችን ስምና ስልክ ቁጥር ማስገባት አይፈቀድም።