ጠመንጃና አደራ፦ የማይሞት ባለቤት ታሪክ

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ይባላል። ንብረትን ለታመነ ሰው አስረክቦ ለልጆች እንዲያቆይ ማድረግ በአገራችን የኖረ ልማድ ነው። በሌሎች አገሮች ይኸው ልማድ በሕግ ተደግፎ «ትረስት» የሚባል የአደራ ተቋም ሆኗል። ተቋሙ ከመሬት ተነስቶ እስከ ጠመንጃ ውርስ መድረሱ ለኅብረት ሥራ ማኅበር አባላትም ትምህርት አለው። ዓመታቱ «ዓ.ም.» ከተባለው እና ከአዋጅ ቁጥሮች በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

የትረስት መነሻ የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ናት። በዚያን ጊዜ ባለመሬት ሲሞት ወራሹ ለጌታው ክፍያ ይፈጽም ነበር። ስለሆነም ባለመሬቱ በሕይወት ሳለ መሬቱን በሚያምናቸው ሰዎች ስም አዙሮ፣ ለቤተሰቡ ጥቅም እንዲይዙለት አደራ ይላቸዋል። አንዱ ባለአደራ ቢሞት ሌሎቹ ስለሚቀጥሉ ክፍያው ይቀራል። ገቢ የቀረበት ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1536 አሠራሩን የሚገድብ ሕግ አወጣ። አሠራሩ ግን መልኩን ለውጦ ቀጠለ፤ የእንግሊዝ ሕግ በተከለበት አሜሪካም ሥር ሰደደ።

በአሜሪካ የወንበዴ ቡድኖች ተኩስ ሕዝቡን ባስመረረበት ወቅት፣ በ1934 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግን ፈረሙ። በሕጉ መሠረት መትረየስ፣ አፈሙዙ ያጠረ ጠመንጃና የድምፅ ማፈኛ እንዲመዘገቡ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲተላለፉም 200 ዶላር ግብር እንዲከፈል ተደረገ። በ1986 ደግሞ አዲስ የተሠራ መትረየስ ለግለሰብ እንዳይመዘገብ ተከለከለ። ቀድሞ የተመዘገበው ዋጋው ናረ፤ ውርሱም ትልቅ ጉዳይ ሆነ።

ለሕጋዊ ወራሽ ማስተላለፍ ከግብር ነፃ ቢሆንም፣ በአንድ ሰው ስም የተመዘገበውን መሣሪያ ባለቤቱ በሌለበት ሚስቱ ወይም ልጁ ቢይዙት በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። በመሆኑም በትረስት ስም ማስመዝገብ ተለመደ። በሰነዱ የተጠቀሱት ባለአደራዎች መሣሪያውን መያዝ ይችላሉ፤ አንዱ ሲሞት ተተኪው ያስተዳድራል።

ሌላም ምክንያት ነበር። ግለሰብ አመልካች አሻራ እንዲሰጥና የአካባቢው የፖሊስ ኃላፊ እንዲፈርምለት ሲጠየቅ፣ ትረስት አይጠየቅም ነበር። በ2016 ሥራ ላይ የዋለ ደንብ የኃላፊውን ፊርማ ለሁሉም አስቀርቶ፣ ኃላፊነት ያለበት እያንዳንዱ ባለአደራ አሻራና ፎቶግራፍ እንዲያቀርብ አስገደደ። ከ2026 መጀመሪያ አንስቶ ከመትረየስና ከፈንጂ መሰል መሣሪያዎች በቀር ግብሩ ዜሮ ሆኗል፤ ምዝገባው ግን አልቀረም። መሣሪያ እንዳይዝ በሕግ የታገደ ሰውም በትረስት ተሸፍኖ መያዝ አይችልም።

በአገራችንም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 516 ጀምሮ ስለ አደራ ንብረት ይደነግጋል። የጦር መሣሪያ ጉዳይ ግን በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚመራ በመሆኑ የአሜሪካው መንገድ ለእኛ መመሪያ አይሆንም።

ትምህርቱ ሌላ ቦታ ነው። በአዋጅ ቁጥር 985/2009 መሠረት የተመዘገበ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሕጋዊ ሰውነት ስላለው፣ መጋዘኑም ሆነ ወፍጮው የመሥራቾቹ ሳይሆን የማኅበሩ ነው። መሥራቾች ቢያልፉም ንብረቱ ለተተኪ አባላት ይቆያል። ይሁን እንጂ የማይሞት ባለቤት እጅ የለውም፤ የሚይዙለት ሰዎች ናቸው። የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ፣ ማንስ ፈርሞ እንደተረከበ መዝገቡ ካላሳየ ማኅበር የሚለው ስም ብቻውን አደራውን አይጠብቅም።