አጭር ጂምናስቶች ከፍተኛውን ዘንግ እንዴት ይደርሱበታል?

በሴቶች ጂምናስቲክስ ከአራቱ የውድድር መሣሪያዎች አንዱ ጥንድ ዘንግ ነው። በዓለም አቀፉ የጂምናስቲክስ ፌዴሬሽን ደንብ መሠረት ዝቅተኛው ዘንግ ከወለል 170 ሴንቲ ሜትር፣ ከፍተኛው ደግሞ 250 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይሆናል። ከሥር የሚነጠፈው ፍራሽ 20 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ስላለው፣ ከፍራሹ ላይ ቆሞ ለሚያይ ከፍታው ወደ 150 እና 230 ይወርዳል። በልጆች ውድድር ላይ የሚተከለውም መሣሪያ ከዚህ ልኬት ብዙ አይርቅም።

እዚህ ላይ ነው ጥያቄው የሚነሣው። የሰባት ዓመት ልጃገረድ ቁመት በአማካይ 120 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የኦሊምፒክ ተወዳዳሪዎች በሚወዛወዙበት ከፍታ ላይ ይህች ልጅ ምን ታደርጋለች?

ጥያቄው ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ ነው። የአገሪቱ የጂምናስቲክስ ማኅበር ለሴት ልጆች ያዘጋጀው መርሐ ግብር አሥር ደረጃዎች ሲኖሩት፣ የመጀመሪያዎቹ አምስቱ “የግዴታ” ይባላሉ። በእነዚህ ደረጃዎች ከሜሪላንድ እስከ ካሊፎርኒያ ያለች ልጅ ሁሉ ተመሳሳይ እንቅስቃሴዎችን በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ትሠራለች። እስከ ሦስተኛው ደረጃ ድረስ ቅንብሩ የሚሠራው በዝቅተኛው ዘንግ ላይ ብቻ ነው። በአራተኛውና በአምስተኛው ግን ወደ ከፍተኛው መሻገር ግድ ይሆናል። ወደ እነዚህ ደረጃዎች ለመግባት የሚፈቀደው ዕድሜ ደግሞ ከሰባት ዓመት ይጀምራል።

የግዴታ ቅንብር ጠባይ ማምለጫ የማይሰጥ መሆኑ ነው። ከስድስተኛ ደረጃ በላይ ያለች ጂምናስት ከአሠልጣኟ ጋር ተመካክራ የሚከብዳትን ትታ የሚቀናትን መምረጥ ትችላለች። የግዴታ ተወዳዳሪዋ ግን አንዱን ዋና እንቅስቃሴ ብትዘል የእንቅስቃሴው ዋጋ እጥፍ ይቀነስባታል። ከዘንጉ ብትወድቅ ከአሥሩ ነጥብ ግማሽ ነጥብ ታጣለች። አሠልጣኟ በእጁ ቢደግፋት ደግሞ ግማሽ ነጥቡ ከመቀነሱም በላይ የእንቅስቃሴው ዋጋ አይቆጠርላትም። አሠልጣኝ ለደኅንነት ሲባል ከአጠገቧ መቆም ይችላል፤ መንካት ግን ዋጋ ያስከፍላል።

የ30 ሴንቲ ሜትር ክፍተት

ለአጭር ልጅ ዋነኛው ፈተና አንድ ቅጽበት ላይ የተከማቸ ነው ማለት ይቻላል። ጂምናስቷ በዝቅተኛው ዘንግ ላይ በእጆቿ ተደግፋ ሰውነቷን ወደ ኋላ ካነሣች በኋላ እግሮቿን በእጆቿ መካከል ዘንጉ ላይ ታሳርፋለች፤ ከዚያም ተነሥታ ወደ ከፍተኛው ዘንግ ትዘላለች።

ስሌቱ ቀላል ነው። በሁለቱ ዘንጎች መካከል ያለው ሰያፍ ርቀት 180 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ቁመቷ 165 ሴንቲ ሜትር የሆነ ወጣት እጇን ወደ ላይ ስትዘረጋ ከእግሯ እስከ መዳፏ ያለው ርዝመት ከ200 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። እግሯ ዝቅተኛውን ዘንግ ሳይለቅ ከፍተኛውን መጨበጥ ትችላለች። የ120 ሴንቲ ሜትሯ ልጅ ግን ሙሉ በሙሉ ብትዘረጋ እንኳ የምትደርሰው ወደ 150 ሴንቲ ሜትር ነው። የቀረውን 30 ሴንቲ ሜትር በአየር ላይ መሻገር ይኖርባታል። ለትልቋ መንጠራራት የሆነው ለትንሿ በረራ ነው፤ ደንቡ ግን ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራቸዋል።

መፍትሔው በከፊል በመሣሪያው ውስጥ አለ። የዘንጎቹ ከፍታ የተወሰነ ቢሆንም በመካከላቸው ያለውን ስፋት ማጥበብና ማስፋት ይቻላል። አሠልጣኞች ለትናንሾቹ ዘንጎቹን ያቀራርባሉ። ነገር ግን ማቀራረቡም ገደብ አለው። ልጅቷ ከከፍተኛው ዘንግ ተንጠልጥላ ስትወዛወዝ ሰውነቷ ከእጇ እስከ እግር ጣቷ 150 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ሰያፍ ርቀቱ ወደ 140 ከወረደ፣ ለመዝለል የቀለላት ዘንግ ስትወዛወዝ እግሯን የሚመታት ዘንግ ይሆናል። ስለዚህ ተስማሚው ልኬት የሚገኘው መዝለሉን ሳያከብድ ውዝዋዜውን በማያደናቅፈው ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ልጅቷ በአንድ ክረምት አምስት ሴንቲ ሜትር ብታድግ ደግሞ ልኬቱ እንደገና ይፈተሻል።

የመነሻው ችግር ከዚህ ይቀላል። ዝቅተኛውን ዘንግ ከፍራሹ ላይ ዘልላ ለመያዝ የምትቸገር ልጅ የመስፈንጠሪያ ሰሌዳ ይቀመጥላታል፤ ዘንጉን እንደያዘች አሠልጣኙ ሰሌዳውን ያነሣዋል።

ማጠር የሚጠቅምበት

ከዚህ ቅጽበት ውጭ ያለው ታሪክ የተለየ ነው። ቅንብሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው “ግላይድ ኪፕ” በሚባለው እንቅስቃሴ ነው። ጂምናስቷ ከዝቅተኛው ዘንግ ሥር ሰውነቷን ዘርግታ ወደ ፊት ትንሸራተትና፣ እግሮቿን ወደ ዘንጉ አቅርባ ወደ ላይ ትወጣለች። ረጅሟ ልጅ እግሯ ፍራሹን እንዳይነካ ስትታገል፣ አጭሯ ከሥሯ ሰፊ ቦታ አላት።

ዳኞች “ካስት” የሚባለውን፣ ማለትም በእጅ ተደግፎ ሰውነትን ከዘንጉ ወደ ኋላና ወደ ላይ ማንሣትን የሚመዝኑት በሴንቲ ሜትር ሳይሆን በማዕዘን ነው። አግድም መስመር ላይ መድረስ የሚጠበቅባት ልጅ 110 ሴንቲ ሜትርም ትሁን 160፣ የሚጠበቅባት ማዕዘን ያው ነው። ይህን ማዕዘን ለማግኘት ደግሞ ተፈጥሮ ለአጭሯ ታደላለች። የሰውነት ቅርጽ ሳይለወጥ ቁመት በእጥፍ ቢጨምር ክብደት ስምንት እጥፍ ያድጋል፤ የጡንቻ ጉልበት ግን አራት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። ትንሿ ልጅ የምታነሣው ሰውነት ከጉልበቷ አንጻር ቀላል ነው። በአየር ላይ ስትገለበጥም ፈጥና ትዞራለች። በሰባት የኦሊምፒክ ወርቅ ሜዳሊያዎቿ የምትታወቀው ሲሞን ባይልስ ቁመቷ 142 ሴንቲ ሜትር መሆኑ በዚህ ረገድ የሚያስገርም አይደለም።

አንድ ነገር ግን ይቀራል። ዘንጉ ራሱ እንደ ቀስት እየጎበጠ ጂምናስቷን መልሶ ይወረውራታል። ቀላል ልጅ ዘንጉን ብዙ ስለማታጎብጠው ከመሣሪያው የምታገኘው እገዛ አነስተኛ ነው። የዘንጉ ውፍረትም 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ወንዶች ከሚጠቀሙበት 28 ሚሊ ሜትር አግዳሚ ዘንግ በእጅጉ ይወፍራል። ለትንሽ እጅ የሚበጀው ቀጭኑ ነበር፤ ወፍራሙ የደረሰው ግን ለሴት ልጆች ነው።

ልኬቱ ከየት መጣ?

የግዴታ ቅንብር በአንድ ወቅት የኦሊምፒክም አካል ነበር። በአውሮፓውያኑ 1976 በሞንትሪያል የ14 ዓመቷ ሩማንያዊት ናዲያ ኮማኔች በኦሊምፒክ ጂምናስቲክስ የመጀመሪያውን ሙሉ አሥር ነጥብ ያገኘችው በጥንድ ዘንግ የግዴታ ቅንብር ነበር። የውጤት ሰሌዳው አሥርን ማሳየት ስለማይችል “1.00” ብሎ አሳይቷል። በዚያ ዘመን ዘንጎቹ በጣም የተቀራረቡ ስለነበሩ ጂምናስቶች ከከፍተኛው ተወዛውዘው ሆዳቸውን በዝቅተኛው ላይ ይጠመጥሙ ነበር። ሙሉ ክብ መወዛወዝ እየተለመደ ሲመጣ ዘንጎቹ ተራራቁ። ከአትላንታው የ1996 ኦሊምፒክ በኋላ ደግሞ የግዴታ ቅንብር ከትልልቆቹ ውድድሮች ወጣ፤ ዝቅተኛው የተወዳዳሪዎች ዕድሜም ወደ 16 ከፍ አለ። የግዴታው ሕግ የቀረው፣ ዘንጎቹ ይበልጥ ለሚርቋቸው ለሕፃናቱ ነው።

ዓለም አቀፉ ደንብ ለረጃጅሞች መላ አበጅቷል። እግሯ ፍራሹን የሚነካ ጂምናስት ሁለቱም ዘንጎች በ5 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲሉላት መጠየቅ ትችላለች። አምስት ሴንቲ ሜትር ትንሽ ለሚመስለው፣ በ2000 የሲድኒ ኦሊምፒክ የደረሰው በቂ ማስረጃ ነው። በሴቶች የጥምር ውድድር ፍጻሜ የመዝለያው ፈረስ በስሕተት በ5 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ተተክሎ ስለነበር በርካታ ጂምናስቶች ወደቁ። ለወርቅ ስትጠበቅ የነበረችው ሩሲያዊቷ ስቬትላና ኾርኪናም ከወደቁት አንዷ ነበረች። የዓለም ምርጦች በ5 ሴንቲ ሜትር ከተናጉ፣ 30 ሴንቲ ሜትር የጎደላት ልጅ ብታመነታ አይፈረድባትም።

መጠበቅ ወይስ መግፋት?

ያልደረሰች ልጅ ዝላዩን ስትስት በደረቷ ወይም በአገጯ ዘንጉን ልትመታ፣ አለዚያም ግማሽ ይዛ ልትወድቅ ትችላለች። ከአካላዊ ጉዳቱ ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚቆየው ፍርሃቱ ነው። ስለዚህ ጥንቁቅ አሠልጣኞች ዝላዩን ከፍራሽ ክምር ላይ ወይም ስፖንጅ በተሞላ ጉድጓድ በላይ ያለማምዳሉ፤ ርቀቱንም ቀስ በቀስ ያሰፋሉ። ልጅቷ በእግሮቿ ከመግፋቷ በፊት ወገቧን ከፍ እንድታደርግና ዓይኗን ከዘንጉ እንዳትነቅል ያስተምራሉ።

ሌላው አማራጭ በሦስተኛ ደረጃ አንድ ዓመት መቆየት ነው። ይህ ለብዙ ወላጆች እንደ መውደቅ ይቆጠራል፤ ሆኖም የሰባት ዓመት ልጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ስለምታድግ ጊዜው በራሱ ሥራ ይሠራል። በአሜሪካ “ኤክሴል” የተባለ ትይዩ መርሐ ግብርም አለ፤ ቅንብሩ እንደ ልጅቷ አቅም የሚዘጋጅ ሲሆን በመጀመሪያ እርከኖቹ ሁለቱንም ዘንጎች መጠቀም ግዴታ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው፣ ማጠርን እንደ በረከት ቆጥሮ የልጅን እድገት ለመግታት መሞከር ነው። ጂምናስቲክስ ያሳጥራል የሚለው እምነት የተስፋፋ ቢሆንም፣ በዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ጥያቄ ጉዳዩን የመረመሩ ባለሙያዎች በ2013 ባወጡት ግምገማ ጠንካራ ሥልጠና የመጨረሻ ቁመትን እንደማይቀንስ ደምድመዋል። አጫጭር ልጆች በስፖርቱ ስለሚቀናቸው ይቆያሉ፤ ረጃጅሞቹ ብዙ ጊዜ ይለቃሉ። ምግብ መከልከል ግን ይገድላል። ክብደት እንድትቀንስ ጫና የነበረባት አሜሪካዊቷ ጂምናስት ክሪስቲ ሄንሪች በ1994 በ22 ዓመቷ በምግብ መታወክ ሕመም ሕይወቷ አልፏል። ረጅሟ ኾርኪና በበኩሏ 165 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆና በ1996 እና በ2000 በዚሁ ጥንድ ዘንግ የኦሊምፒክ ወርቅ አግኝታለች።

በውድድር ዕለት ብዙዎቹ አሠልጣኞች የእያንዳንዷን ልጅ የዘንግ ስፋት በማስታወሻ ይዘው ይመጣሉ። አንዷ ጨርሳ ስትወርድ መቆለፊያው ይፈታል፣ ዘንጉ ይገፋል ወይም ይሳባል፣ እንደገና ይጠበቃል። ዳኛዋ እጇን አንሥታ ፈቃድ የምትሰጠው ከዚያ በኋላ ነው።